ቶሮንቶ ያለው ባለቤቴ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ታክስ የሚሠሩልኝ ጋሼ ታፈሰ "ባለቤትሽስ የት ነው?" አሉኝ፤ "ቶሮንቶ" አልኳቸው። ጌቱ የተቀበረው ቶሮንቶ ነው። አምና ሚያዝያ። ነሐሴ ላይ ለነርስነት ሥራ ወደዚህ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ለማንም አልተናገርኩም። "እግዜር ያጥናሽ" መስማት ሰልችቶኝ ነበር።

ጋሼ ደስ አላቸው። "ባልና ቤት እዚያ ካለሽ ካናዳ እንደ ነዋሪዋ ነው የምትቆጥርሽ። ሶ፣ የኮሌጅ ክፍያሽ ክሬዲት ከታክስሽ ላይ ይቀነስልሻል። ካናዳን ለቅቄ ሙቭ አድርጌያለሁ ካልሽ ግን ተመልሰሽ እዚያ እስክትሠሪ ቁጭ ይላል።"

ኮሌጁን የከፈለልኝ ጌቱ ነው፣ ታክሲ እየነዳ። ቁጭ እንዲል አልፈልግም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጽጌ ከቶሮንቶ ደወለች። ቤታችንን የምታይልኝ እሷ ናት። "ልብሱ እንደተሰቀለ ነው፤ እስከ መቼ?" አለችኝ። ተቆጣኋት፣ ኋላ አፈርኩ። እውነቷን ነው። ግን ያ ቤት ከተለቀቀ እኔና ጌቱ የት ነው የኖርነው? ዛሬ ሥራ ላይ ስሜን ሲጠሩኝ እንኳ አልሰማሁም። በጣም ናፈቀኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

የታክሱን ወረቀት ልፈርም ጋሼ ቢሮ ሄድኩ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር አረፈድኩ። ጋሼ ጨዋታ ብለው፣ "ባለቤትሽን መቼ ነው የምታመጪው?"

"አይመጣም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ተጣልታችኋል እንዴ? ልጄ፣ ባልና ሚስት መሃል ሰው ሲገባ ነው ጠቡ የሚበርደው። ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ሽማግሌ እሆናለሁ። ዛሬውኑ ኮል አደርገዋለሁ።"

ብዕር አንስተው ቁጥሩን ይጠብቃሉ። ከምራቸው ነው። አቃተኝ። "ሞቷል፣ ጋሼ" አልኩ። ይህች ቃል በዚህ ከተማ ከአፌ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት።

ፊርማውን ማንም አላነሳውም። ቢሯቸውን ቆልፈው እስከ መኪናዬ ሸኙኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ለቅሶ ደረሱኝ። ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ የማላውቃቸው ሴቶች፣ ንፍሮ ሳይቀር ይዘው። ወንበር አልበቃም። እትዬ አልማዝ "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?" ብለው አለቀሱ። እኔም እንደ አዲስ አለቀስኩ። "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ፤ አልሰለቸኝም።

ሲወጡ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወረቀቱን እንደገና እሠራዋለሁ። አሁን እዚያ የሚይዝሽ ቤቱ ብቻ ነው። እሱን ስትለቂ ካናዳን ለቀቅሽ ማለት ነው። የቀረው ክሬዲት የትም አይሄድም፣ እዚያው ይቆይሻል" አሉኝ።

እዚያው ይቆይ። ጌቱም እዚያው ነው።

ለጽጌ ደወልኩ። ቁልፉን ለአከራዩ መልሺ፣ ልብሱን ለሚለብስ ስጪ፣ ወፍራሙን ካፖርቱን ግን ላኪልኝ አልኳት።

"ሎስ አንጀለስ ካፖርት ምን ያደርግልሻል?"

እኔ እንጃ። ብቻ ላኪው አልኳት።