አዴር ሻርማርኬ ከወንበርህ አልነሳም አሉ

ውድ አባባ፣

ከሰዓት በኋላ ነው። ከካራማራ የወረደው ንፋስ አቧራውን እያንከባለለ ያልፋል፣ ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ያንቀላፋሉ፣ ጅጅጋ ግማሽ ህልም ውስጥ ናት። አንተም ትንሽ ጋደም የምትልበት ሰዓት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ለቅሶህ እንዴት እንደነበር የነገረህ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እንደ ሰው አላለቀሱም። አንዱ አፉን ከፍቶ በጣቱ እያሳየ «ይቺን ጥርስ እሱ ነው የሞላልኝ» አለ። ከቱሊ ጉሌድ የመጣው ደግሞ «እሷ ምን አላት፣ ይህንን እይ» ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወለቀና ለጎረቤቱ አቀበለው። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ በሙሉ አፉን ከፈተ። ቄሱ ሲገቡ ሰው ሁሉ ያዛጋ መስሏቸው ጸሎቱን አሳጠሩት። ሳቄን ልደብቅ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስስብ ሴቶቹ «አይ ልጄን፣ አንጀቷ ተቃጠለ» ብለው ጀርባዬን ደባበሱኝ። አልተሳሳቱም፤ ከሳቁ ሥር ሌላ ነገር ነበር።

ዓይኔን ስጨፍን ከነነጭ ጋውንህ ትመጣለህ። ኪስህ ውስጥ ሃልዋ አለ። ከተማውን ሙሉ ጣፋጭ ከልክለህ አንተ ከእማማ ተደብቀህ የምትበላው፣ እሷም እያወቀች ዝም የምትልህ። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ አፉን ሲሸፍን «አሁንስ ማንንም መለየት አቃተኝ» ያልከው ትዝ ይለኛል። መርፌው እስኪያደነዝዝ ሽማግሌውን «አያቶችዎን ይቁጠሩልኝ» ትለዋለህ። ሶማሌ ሽማግሌ ደግሞ የአያቶቹን ስም ከጀመረ አያቋርጥም። ጉጠቱ ሲገባ ስሞቹ ሁሉ «ኣ… ኣ…» ብቻ ይሆናሉ፤ አንተም እንደሰማ ሰው ራስህን ትነቀንቃለህ። አምስተኛው አያት ላይ ጥርሱ ሳህን ውስጥ ነው። እኛ ቤት ግን ከወታደሩ ቅድመ አያትህ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጥርሱ ሳይነቃነቅ አያት ያልቅብናል።

ከአርባህ በኋላ ልጅህ አትጠገብ ክሊኒኩን ከፈተች። ማንም አልመጣም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ያንተኑ ሙያ ተምራ የተመለሰችው አክስቴ ባዶ ወንበር እየወለወለች ትውላለች። ሽማግሌዎቹ «ሴት ልጅ ጥርስ የሚነቅል ክንድ የላትም» ብለው ቅርንፉድ ያኝካሉ። ሰፈሩ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

ዋናው አኩራፊ የልብ ወዳጅህ፣ በሶማሊኛ አጎቴ ለማለት «አዴር» የምላቸው ሻርማርኬ ናቸው፣ የግመል ደላላው። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አንዱ ጉንጫቸው ሐብሐብ አክሏል።

«ምን ሆነው ነው፣ አዴር?»

«ንብ ነደፈችኝ።»

«እዚህ አቧራ ውስጥ ንብ ከየት መጣች?»

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ መታወቂያዋን ልጠይቃት ነበር እንዴ?»

«ድንኳን ውስጥ ለአገር ምድሩ አፍዎን ከፈቱ። ለአባባ ልጅ ሲሆን ዘጉት።»

 ሻዩን አንስተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ «ለሞተ ሰው አፍ መክፈት አያምም» አሉኝ። 

ቅዳሜ አራት ወዛደሮች መጡ። አትጠገብ ድሬዳዋ ሥራ አግኝታ ክሊኒኩን ልትዘጋው ነበር። እማማ ማየት አልፈልግም ብላ ከቤት አልወጣችም። ወንበርህን ከወለሉ ፈትተው በረንዳው ላይ አወጡትና ላብ ሊጠርጉ ቆሙ። ያኔ አዴር ሻርማርኬ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ባጃጅ እየጮኸባቸው መንገዱን አቋረጡ፤ መጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባት፣ ይነሱልን» አለ አንዱ ወዛደር።

«አልነሳም።»

«ድሬዳዋ ልንጭነው እኮ ነው።»

«እኔንም ጫኑኝ።»

አትጠገብ ካርቶን ታቅፋ ወጣች። ብዙ አየቻቸው። ንፋሱ የጋውኗን ጫፍ ያወዛውዛል፤ ለአንድ አፍታ አንተ የቆምክ መሰለኝ። ካርቶኑን አስቀመጠች።

«አዴር፣ ከተቀመጡ አይቀር አፍዎን ይክፈቱ።»

እጇን ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ መርፌውን ወጋቻቸው። እሳቸው ልማዳቸው ነውና በራሳቸው ጀመሩ፤ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም…

«የለም» አለቻቸው። «አያቶችዎን አባቴ ጨርሷቸዋል። የልጅ ልጆችዎን ይቁጠሩልኝ።»

አዴር ግራ ተጋቡ። አያቶች በየቦታቸው ይቀመጣሉ፣ የልጅ ልጆች ግን ይሯሯጣሉ። «ሳህራ፣ ሊባን፣ ቃሊ…» ብለው ሊባንን ደገሙት፤ ተናደዱና እንደገና ከሳህራ ጀመሩ። ጉጠቱ ከገባም በኋላ በጣታቸው ቀጠሉ። አንዱን ጣት አጥፈው ይፈቱታል፣ መልሰው ያጥፉታል።  አትጠገብ ክንዷን አንዴ ዞር አደረገች፣ አለቀ።

«ጨርሻለሁ፣ ይነሱ።»

አዴር ጥጡን ነክሰው እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ አንዷ ሳትቆጠር ቀርታለች።»

ወዛደሮቹ ምን እናድርግ በሚል ዓይን አትጠገብን አዩዋት። እሷ በጉጠቱ ወደ ውስጥ አመለከተቻቸው። አራቱም ጎንበስ አሉና ወንበሩን ከነሻርማርኬ አንስተው መለሱት።

ደህና ተኛ፣ አባባ። ቅዳሜ ቅዳሜ የክሊኒኩን በር የምከፍተው እኔ ነኝ።

የልጅ ልጅህ፣
ሶሲና