መሠረቱ አንድ ሜትር ነው

ሰኞ፣ ግንቦት 25

አርባ የቡና ችግኝ! ጠዋት ለሥራ ስወጣ ባዶ የነበረው ጓሮ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ የዘጌ ቡና ጫካ ሆኖ ጠበቀኝ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። የጎረቤታችን የእትዬ አገሬ ሮቶ አጥር ተሻግሮ ከእኛ ቤት ጎን ቆሟል፤ ውስጡ ጠብታ ውሃ የለም። አባዬ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጣቱን የቤት ገማች ክፍል ለክፍል ያዞሩታል። ልጁ ትሑት ነው፤ ያሉትን ሁሉ ይጽፋል።

«መሠረቱ አንድ ሜትር ነው» አሉት፣ መሬቱን በእግራቸው እየረገጡ። «ጥቁር ድንጋይ። ጻፈው።»

ጻፈው።

ከገማቹ ኋላ ቆሜ ብጠቅሳቸው፣ ብስል፣ ማን ሊሰማኝ። ጉንፋን ያዘሽ እንዴ ብለውኝ ልጁን ቡና ሊያስቆጥሩት ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ቦታ ባልናገረው እዚህ ልጻፈው።

ይህን ቤት የሠራነው ሠፈራችን ሰባታሚት ገና የዳጉሳ ማሳ በነበረ ጊዜ ነው። ከወጪው ሲሶውን መንግሥት ሸፈነ፤ የቤቱም የሲሶ ባለድርሻ ሆነ። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ድርሻውን ይወስዳል፤ ያኔ በሰጠው ልክ ግን አይደለም፣ ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ልክ ነው። ደብዳቤው በሚያዝያ መጣ። ቤቱ ተገምቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሲሶውን ካልከፈልን ሐራጅ ይወጣል። ያለን አራት መቶ ሺህ ብር ነው፤ የእኔ ዕቁብ፣ የእማዬ ወርቅ፣ አባዬ ሳያውቁ የሸጥኋት የስፌት መኪናዬ። ስለዚህ ቤቱ ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በላይ መገመት የለበትም። ሰው ሁሉ ቤቴ ውድ ነው ሲል እኔ በረከሰልኝ እያልሁ ዱዓ አደርጋለሁ።

ይህን ለአባዬ አልነገርኋቸውም። ደም ግፊታቸውን ፈርቼ ደብዳቤውን ደበቅሁትና «ሰኞ ገማች ይመጣል» ብቻ አልኋቸው። እሳቸው የሚያውቁት ገማች ደግሞ የካሳ ገማች ነው። አምና መንገዱ ሲሰፋ ጎረቤቱ ሁሉ ችግኝ ተክሎ ካሳ በላ፤ አባዬ ግን «የውሸት ተክል አልተክልም» ብለው አጥራቸው በከንቱ ፈረሰ። ዘንድሮ ብልጥ ሆኑ። ስንት ዓመት ጠብቀው፣ ብልጥ የሆኑት ዛሬ!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግምቱ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ።

ሲሶው ሰባት መቶ ሺህ ነው። ወረቀቱን ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ብሎኬት፣ ሊሾ ወለል፣ ኮርኒስ። ሮቶ አንድ። ቡና አርባ እግር። መሠረት፦ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ሜትር፣ በባለቤቱ ቃል። የእኛ ቤት እንዲህ ሀብታም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ልደብቅ። ቤት ገብቼ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ደብዳቤውን፣ ሐራጁን፣ የስፌት መኪናዋን። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው፣ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። ቆይተው ተነሡና ችግኞቹን ውሃ አጠጡ። አሁንም ያጠጣሉ እንዴ ብላቸው፣ ተክሉ ምን አጠፋ አሉኝ።

ምሳ አልበላሁም፤ እሳቸውም አልበሉም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ አምስት የሥራ ቀን አለን። ማመልከቻ መጻፍ ደግሞ የእኔ እንጀራ ነው። ባሕር ዳር ቢሮዎቹ አጠገብ ባለችው የኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ለስንቱ ባለጉዳይ አንባቢ የሚያስለቅስ ማመልከቻ የጻፍሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ለራሴ ጻፍሁ።

የቤታችን ጉድለት፦
ሮቶው የጎረቤት ነው።
ቡናው በግምቱ ዕለት ጠዋት የተተከለ ነው።
የኋላው ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቋል። (ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው፤ ጣት አያስገባም። «ሰፊ ስንጥቅ» ብዬ ጻፍሁት።)
የውሃ ጉድጓዱ በበጋ ይደርቃል።
በሩን ምስጥ በልቶታል። (አረንጓዴውን፣ እማዬ ቀለሙን የመረጠችውን።)
ቆርቆሮው ዝጎ ያፈሳል። (አያፈስም።)

የኮፒ ቤቱ ባለቤት ጓደኛዬ አንብቦ ሳቀ። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሰው ይኖራል እንዴ አለኝ። አልሳቅሁም። አስገባሁት። ሰኞ የቅሬታ ኮሚቴ ይመጣል ተብሏል፤ መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ካልተዘጋ። ይህ «ካልተዘጋ» የሚሉት ነገር በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተለጥፎ ቀረ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

አባዬ ማመልከቻዬን አነበቡት። ቀሪውን ኮፒ ከቦርሳዬ ሳላወጣው ትቼው፣ ክኒናቸውን ሲፈልጉ አገኙት። ከሥራ ስመለስ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቆርቆሮው አያፈስም» አሉኝ።

አውቃለሁ አልኋቸው፤ ለኮሚቴው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሰው ሁሉ አይመለከተኝም አሉ። ሰዓዳ፣ ይህን ቤት በጠላት አፍ ሰደብሽው አሉ። የእናትሽን በር ምስጥ በላው ብለሽ ለማያውቋት ሰዎች አሳልፈሽ ሰጠሽ አሉ።

ተናደድሁ። የተናገርሁትን ልጻፈው፣ ካልጻፍሁት ነገ አልተናገርሁም ብዬ ራሴን እዋሻለሁ። «በእርስዎ ኩራት ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው፤ ቡናውን ማን ተከለው?» አልኋቸው። አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ግንበኛ ነበሩ፤ ከዚህ ሠፈር ግማሹ በእሳቸው እጅ የቆመ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ገቡ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዓረፋ። በግ የለም። ለሠፈሩ ልጆች ከረሜላ ገዛሁ፤ በቃ።

ከሶላት መልስ ሰው መጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እትዬ አገሬ በሮቶው ነገር አፍራ፣ አባዬን ማየት አቅቷት፣ እኔን በጓዳ በር አቅፋኝ ሄደች። ይርጋም መጣ። ይርጋ አባዬ ሙያ ያስተማሩት ነው፤ አሁን ራሱ ተቋራጭ ሆኗል፣ በቀበሌውም በኩል የቅሬታ ኮሚቴው አባል ነው። ሰኞ እሱም እንደሚመጣ ሲነግረን እፎይ አልሁ፤ የእኛ ሰው ነው።

ምን ዋጋ አለው። ቁጭ እንዳለ በሰው ሁሉ ፊት አባዬን ማመስገን ጀመረ። ጋሽ ሰይድ ያቆሙት ቤት ልጅ ልጅ ይቀብራል፣ መሠረት ሲቆፍሩ ውሃ እስኪወጣ ነው፣ እኔን መሠረት አጉድለሃል ብለው በገመድ ገርፈውኛል አለ። ሰው ሳቀ። አባዬ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ መልሰው ደፉት። ትናንት ስለተናገርኋቸው ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ሮቶው ተመለሰ። ሰማዩ በጣና በኩል ጠቁሯል፤ አልዘነበም።

አባዬ ከኋላው ግድግዳ ሥር ቦይ ሲያወጡ ዋሉ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ያወጣሉ፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ልርዳዎት ብላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ፣ ሂጂ ማለት ነው። ኩርፊያቸው እንደ ሕፃን ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 1

አልተነጋገርንም። የሐሙሲት መንገድ ተዘግቷል ይባላል፤ የእኛስ?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢዋ፣ የመጀመሪያው ገማችና ይርጋ። ማመልከቻዬን ይዘው አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሮቶው ከግምቱ ወጣ። ቡናው ወጣ። ስንጥቁን ሰብሳቢዋ በጥፍሯ ነካ አደረገችውና፣ ይህ የልስን ነው፣ የግድግዳ አይደለም አለች። በሩን አንኳኳችው፤ ደህና ነው። ቀንሰው ቀንሰው አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ላይ ቆሙ። ከዚህ በታች አንወርድም፣ አሠራሩ አይፈቅድም አለችኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ሲሶውን በልቤ አሰላሁት። የቡናው አፈር ላይ ቁጭ አልሁ።

አባዬ እስከዚያ ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ዶማቸውን ከጥጉ አነሡ።

«የልጄ ጽሑፍ ቆርቆሮው ላይ ዋሽቷል፤ አያፈስም» አሉ። «ዋናውን ግን አልጻፈችውም። ስለማታውቀው ነው። ይርጋ፣ ና።»

ወደ ኋላው ግድግዳ ወሰዱትና ዶማውን ሰጡት። እዚህ ጋ ቆፍር አሉት። ይርጋ እየሳቀ ጀመረ። ክንድ ያህል ቆፈረ፤ ብሎኬቱ አለቀ። ከብሎኬቱ ሥር ድንጋይ የለም። ዋልካ ነው። ጥቁር፣ እርጥብ የዋልካ አፈር። ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ቆፈረ፤ እዚያም የለም። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

«ጋሼ» አለ፤ ዶማውን መሬት ላይ አኖረው።

አባዬ ቀና ብለው ተናገሩ። የፊቱ ክፍል መሠረት አለው፣ አንድ ሜትር። የኋላው ሁለት ክፍል የለውም። ያን ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ድንጋይ የጫነው መኪና ዋልካው ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ግድግዳው በሰኔ መጨረሻ ካልቆመ ቀሪው የመንግሥት ገንዘብ አይለቀቅም ተባለ። እማዬ በኪራይ ቤት ታማ ተኝታ፣ በቤቴ ልሙት ትል ነበር። ሠራተኞቹን ሁሉ፣ ይርጋንም ጭምር፣ ዕረፉ ብለው ላኳቸውና የኋላውን ብቻቸውን በአፈሩ ላይ አቆሙት። በበጋ ከሥሩ ቆፍሬ ድንጋይ አገባበታለሁ ብለው ነበር። እማዬ ገባች፣ መስከረም ላይ በዚያ ክፍል ሞተች። በጋ መጣ፣ ሄደ። ሰው ሳያየው መቆፈር አልቻሉም።

«ለእናቷም አልነገርኋትም» አሉ። «ይኸው ነው። አሁን ጻፈው።»

ገማቹ ሰብሳቢዋን አየ። ከዚያ «አንድ ሜትር» የሚለውን ሰረዘው። እትዬ አገሬና ሌሎቹ በአጥሩ በኩል ቆመው ይሰሙ ነበር። የቤታችን ገመና በቀትር ወጣ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሰባ ሺህ። ሲሶው ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ። አለን!

መዝለል ነበረብኝ። ወረቀቱ ግርጌ «የኋላ ሁለት ክፍሎች ለመኖሪያ አስተማማኝ አይደሉም» የሚል አለበት። እኔ ዐሥራ ሁለት ክረምት እዚያ ተኝቻለሁ። ማታ ማታ አባዬ በሩን ገፋ አድርገው ጨለማው ውስጥ ጥቂት ቆመው ይመለሱ የነበረው ለካ ግድግዳውን እንጂ እኔን ሊያዩ አልነበረም። ወይም እኔን ሊያዩ ነበር። በደስታዬ መካከል ንድድ ይለኛል፤ ልጅ አስተኝተው!

ሠፈሩ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከሥራ ስመለስ ሁለት ቤት ላይ ሰዎች የግድግዳቸውን ጥግ ሲቆፍሩ አየሁ። አባዬ የሠሯቸው ቤቶች ናቸው። ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አባዬ በመስኮት እያዩ ነበር፤ መጋረጃውን እንዳልዘጋው ከለከሉኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ብሩን ከፈልሁ። ወረፋው ግማሽ ቀን ወሰደ።

ስመለስ ይርጋ ደጃፋችን ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ አልገባም ብሏል። ሁለቱን ቤቶች አይቷቸዋል። ድንጋይ አላቸው፤ አንድ ሜትር፣ አንዱ እንዲያውም ይበልጣል። የራሳቸው ብቻ ነው የጎደለው አለኝ። ገብተህ ንገራቸው ስለው እምቢ አለ። ከበጋ በፊት መንካት አይቻልም፤ በበጋ እኔ ከሥሩ ድንጋይ አገባለሁ፣ አልከፈልበትም ብሏል ብለሽ አንቺ ንገሪያቸው አለኝ። ነገርኋቸው። ስለ ሌሎቹ ቤቶች፣ «አውቃለሁ» አሉ። ስለ በጋው ስነግራቸው ተነሥተው ቦያቸውን ሊያዩ ወጡ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የቤቱ ሰነድ ዛሬ ወጣ። የመንግሥት ድርሻ የለም። አባዬ ዘንድ ወስጄ እጃቸው ላይ አኖርሁት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሁሉም የእኛ ሆነ ማለት ነው?»

ሁሉም አልኋቸው።

«ሲወድቅም የእኛ ነው» አሉና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱንም አልጋ ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣን፤ እሳቸው በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ያዝን። ቁም ሳጥኑን ስንጎትት ስንጥቁ ታየ። አባዬ እርሳስ አምጪ አሉኝና ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ ትንሽ ሰረዝ አሰመሩ፤ ከጎኑ ቀኑን እኔ ጻፍሁ። ሰረዙን ካለፈ ስንጥቁ ተራመደ ማለት ነው፣ ግንበኛ እንዲህ ነው የሚያየው አሉኝ። ከሰባት ቀን ወዲህ ብዙ ቃል ያናገሩኝ ይህ ነው።

ዝናቡ አሁንም አላቆመም። ቡናው ይዟል፤ ሠላሳ ስምንቱ። ጠዋት ሰረዙን አየዋለሁ።