አባዬ፣ ዝም በል፤ እየሰማን ነው

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? የብየዳው ብልጭታ አሁንም ያስለቅስሃል ወይስ መነጽሩን ማድረግ ጀመርክ? እኛ ደኅና ነን። ትልቋ ደኅና ናት፣ ትንሹ ደኅና ነው፣ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። በየእሑዱ በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩ የልጆቹ ነው። አንድ ቁም ነገር ላወራህ አፌን ስከፍት ሁለቱም ጆሯቸውን ያቆሙብኛል፤ የእነሱ ጆሮ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጅ እስኪወጡ ጠብቄ፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቁርጥራጩን ጠርጌ ይህን እጽፍልሃለሁ።

የምጽፍልህ ስለ መምጣታችን ነው። ከሦስት ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ነው የምኖረው፣ ቤት እስካገኝ ታገሡ ብለኸን ታገሥን። መታገሡ ሲሰለቸኝ ደግሞ፣ ቤቱ ይቅርብን፣ መሬት ላይም ቢሆን እንተኛለን፣ ዝም ብለን እንምጣ አልኩህ። አስቤ እነግርሻለሁ አልክ። አንተ ስታስብ እኔም ሳስብ ከረምኩ።

ብቸኝነቴን ባወራህ ያ ቤት መቼ ዝም ብሎ ያውቃል ብለህ ትስቅብኛለህ። እውነትህን ነው፣ ዝም አይልም። እማዬ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ እማዬ ጉንዳን እናት አለው ወይ ስባል ይመሻል። ግን ቀኑን ሙሉ ቁመቱ ከእኔ እኩል የሆነ ሰው አያናግረኝም። ባለፈው ለልጇ ዩኒፎርም ልታሰፋ የመጣች ሴትዮ ልኩን ወስጄላት ስትነሣ፣ ምናለበት ትንሽ ተቀምጠሽ ብንጫወት አልኳት። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ አምሮኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ብድር ልጠይቃት መስሏት ነው መሰለኝ፣ ታክሲ እየጠበቀኝ ነው ብላ እብስ አለች። እፍረቴን አታንሣው። ያን ቀን ራት ላይ ሳላስበው ትልቋን ሥራ እንዴት ዋለ ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ደክሞኛል፣ ስለ ሥራ አናውራ አለችኝ። ቁርጥ አንተን! እየሳቅሁ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ፤ ጓዳ ከገባሁ በኋላ ግን መሳቁን አልቀጠልኩም።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሩቅ ስለሆነ የማስተምራቸው እዚሁ ቤት እንደሆነ ታውቃለህ። አስተማሪ ነኝ ብዬ እንዳልኮራ፣ ትምህርቱን የምሰጠው መኪናዬን እየረገጥኩ ነው። በትሪ ላይ ዱቄት በትኜላቸው በጣታቸው ፊደል ይጽፋሉ። ትንሹ አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ጣቱን ይልሳል፤ ፊደሉንም ዱቄቱንም በልቶ ይጨርሰዋል። ድንቡሼ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተረፉኝን የሸሚዝ ቁልፎች ደግሞ በቀለም በቀለም ይለያሉ፤ ነጩን ለነጭ፣ ሰማያዊውን ለሰማያዊ። ትልቋ ስታስተካክል እሱ ይደባልቃል። በዚህ ሲጣሉ ፍርድ የምትሰጠው ራሷ ትልቋ ናት፤ ከሳሽም እሷ፣ ዳኛም እሷ። ስሟን ትተን ዳኛዋ ነው የምንላት።

ታዲያ ስፌት ዓይንንም እጅንም ይይዛል። እማዬ እዪኝ ሲሉኝ ቀና ካልኩ ኮሌታው ይጣመምብኛል። ነጻ የቀረልኝ ጆሮዬ ብቻ ነበርና ጨዋታውን በጆሮ አደረግኩት። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ የተሰማውን ድምፅ ቀድሞ ያወቀ አንድ ቁልፍ ይሸለማል። መጀመሪያ ማንኪያና ብርጭቆ ነበር። ቆይተው የቧንቧውን ውኃ ከመቅጃው ውኃ ለዩ። አሁን የጎረቤታችን አናጢ መጋዝ እንጨት ላይ ይሁን ብረት ላይ እዚህ ሆነው ይነግሩሃል። የእኔን እርምጃ ሰምተው እማዬ ተናዳለች ሲሉኝ ያልተናደድኩትን ያናድዱኛል። በዚህ ጨዋታ እኮራለሁ፤ ሌላ የምኮራበት ስለሌለኝም ይሆናል።

ጨዋታውን ወደ ስልክህ ያስገባችው ዳኛዋ ናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው፣ አባዬ፣ ዝም በል፤ እየሰማን ነው ያለችህ ቀን ትዝ ይልሃል? በሳቅ ሞትክ። የጣሪያውን ማራገቢያ አወቁልህ፣ የሚንቋረረውን በርህን አወቁልህ፣ ጎበዞች ብለህ አጨበጨብክላቸው። የአንተንም ጭብጨባ ድምፅ ብለው ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ የተሰማ ነገር ሁሉ ቦታ ይሰጠው ተባለና፣ በጫማ ካርቶን ክፍልህን ሠራን። ከቆርኪ ማራገቢያ፣ ከክብሪት ቀፎ አልጋ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መጋረጃ። እኔም ከእነሱ ባልተናነሰ ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። እሑድ እስኪመጣ እኩለ ሳምንት ላይ ሆኜ እናፍቅ ነበር። አይቼው የማላውቀውን ቤትህን በድምፅ ቁራጭ በቁራጭ ስገጣጥም፣ አጠገብህ ቁጭ ያልኩ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ዳኛዋ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው አለች። ተራው የጓደኛዬ ነው አልክ፤ እኛም ለጓደኛህ ምድጃ ሠራንለት። ሌላ ጊዜ ድንቡሼ ቀጭን ነጠላ ጫማ እየሄደ ነው አለ። ቀጭን ነጠላ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው፣ እንደ እማዬ ዓይነት አለኝ። አንተ ሰማኸው፤ ስለ አየሩ ሙቀት ማውራት ጀመርክ። እኔም ሙቀቱ እዚህም ብሷል አልኩህ። ነጠላ ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ በር አጠገብ አስቀመጡት። ቀይ ጨርቅ ነው የመረጡለት፤ ለምን ቀይ እንዳደረጉት አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ስላለፈው እሑድ ልንገርህ። ድንቡሼ ዳቦውን በሁለት ጉንጩ ጎስጉሶ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ዳኛዋ እንደ ልማዷ ዝም አስባለችህ። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፣ አጭር አጭር ሳል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ አባዬ አለ። አንተ ወዲያው ሰው ይጠራኛል ብለህ ዘጋህ። ዳኛዋ ዓይኗን ገልጣ በወንድሟ ላይ ጮኸች። በጨዋታው ሕግ አድማጭ ራሱ ድምፅ መፍጠር አይችልም፤ አባዬ ብሎ ያጭበረበረው እሱ ነው ብላ ፈረደች፤ ያጠራቀማቸውን ቁልፎች በሙሉ ወረሰችው። ልጁ ዳቦውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት እንባው ዱብ ዱብ እያለ እኔን፣ እኔን ብቻ ያየኛል። እኔ ደግሞ አፉን እያየሁት ነበር። በዚያ አፍ ውስጥ እንኳን አባዬ፣ ትንፋሽም የሚወጣበት ቀዳዳ አልነበረም። ግን ምን ልበላት? ወንድምሽ አላለም ካልኳት፣ ታዲያ ማን አለ ትለኛለች። ስለዚህ ፍርዱ ጸና። ልጄ ባልሠራው ጥፋት ተቀጣ፣ እኔም አስቀጣሁት። በኋላ ጓዳ ወስጄ ያለኝን ትልቁን የካፖርት ቁልፍ ሰጠሁት፤ አቅፌውም አለቀስኩ። እሱ ለቁልፎቹ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

በነጋታው ስደውልልህ ገና ሰላም ሳልልህ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነበር አልክ። እኔ እኮ ምንም አልጠየቅኩህም። እሺ አልኩህና ስለ ዳኛዋ ጫማ መጥበብ አወራን።

ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ስቆርጥ ድንቡሼ ካርቶኑ ላይ ተንበርክኮ አየሁት። ከክብሪት ቀፎው አልጋ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አስቀመጠ። ምንድን ናት ስለው፣ ያቺ ሳል ናት አለኝ፤ ተሰምታለች፣ ቦታ ይሰጣት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና ምን እላለሁ። ላነሣት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ግን ቁልፏ ምን አጠፋች ብዬ ተውኳት።

እንግዲህ ስለ መምጣታችን አስበህ እንዳትቸገር ብዬ ነው የጻፍኩልህ። አንመጣም። ለልጆቹ አባዬ ጋ ለጊዜው ቦታ የለም አልኳቸው። ዳኛዋ ካርቶኑን ተሸክማ መጥታ በጣቷ እየለካች፣ ይኸው በመስኮቱ በኩል አለ እኮ ብላ አሳየችኝ። ቦታ አለመኖሩን ለማስረዳት ብዙ ነገር መንገር ይጠይቃል፤ ያን ሁሉ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ እንድታውቀው አልፈልግም። ንዴቴን ልደብቅህ አልችልም፤ መቀስ ባነሣሁ ቁጥር ያንተን ሸሚዝ የምቆርጥ እየመሰለኝ ነው የሰነበትኩት። ከንዴቱ ይልቅ የከበደኝ ግን ያ የእሑድ ናፍቆቴ ነው። ለካ ስንት ሳምንት ሙሉ እየሳቅሁ የሌላ ሰው ቤት ነው ስገነባ የኖርኩት።

ለልጆቹ መደወልህን አደራ እንዳታቋርጥ። እኔን ማነጋገር ግዴታህ አይደለም፤ እነሱ ግን እሑድን ይጠብቃሉ። ደግሞም ስትደውል እባክህ ደጅ ወጥተህ ደውል። መኪና ይስሙ፣ ነፋስ ይስሙ፣ ዝናብ ከመጣም እሰየው፣ ዝናብ ማወቅ ደስ ይላቸዋል። ቤት ውስጥ ሆነህ ግን አትደውልላቸው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንድ ቀን ዳኛዋ ፍርዷን እንደገና ታየዋለች።

ሌላም ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ፤ ልተወው ብዬ ነበር፣ እናትነቴ አላስቀመጠኝም። ያ ሳል የጉንፋን ሳል አይደለም። ትልቋ ገና ስትድህ ልክ እንደዚያ እየሳለች ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ፎጣ ጠቅልለህባት በባዶ እግርህ ሐኪም ቤት የሮጥከው አንተ ነህ። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ያለንን አስታውስ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሐኪም አያስፈልገውም፤ ያንን ልጅ ግን ሳትውል ሳታድር ውሰደው።

ፈጣሪ ዓይንህን ይጠብቅልህ፣ ከእሳትና ከብልጭታ ይሰውርህ። በምታድርበት ቤት ላለ ሁሉ ጤና ይስጥ፤ ለትልቁም፣ ለትንሹም።

የልጆችህ እናት