ሰባት ቤት ቆጥረን ያጣነው

ሞላ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሰቆጣ ባጃጅ ገብቷል፤ አንተና እኔ እያረፍን የምንወጣውን የገበያ ዳገት ሰው አሁን ተቀምጦ ይወጣዋል። ትልቋ ልጃችን ወልድያ ላይ ሁለተኛዋን ወለደች። አፍንጫዋ ያንተ ነው ይላሉ። እኔ ሰሞኑን የሰው መልክ ማመሳሰል ያስፈራኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ታናሹ ልጅህ ኪሮስ ሊያገባ ነበር። ልጅቷ ለምለም ትባላለች። የዝቋላ ልጅ ናት፣ የዚሁ የእኛው ቆላ፤ የተማረችው እዚህ ሰቆጣ ነው። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት፣ ወጉ ነውና፣ ሰባት ቤት ቆጠርን፤ ባንተም በእኔም በኩል፣ በእሷም። የሚነካ ዘመድ የለም። ሽማግሌዎቹ ግን እንደሄዱ ተመለሱ። እናቷ አበራሽ፣ ባል የሞተባት ሴት፣ "ይህ ጋብቻ አይሆንም፤ ምክንያቱን ለእናትየው ብቻ ነው የምናገር" ብላ መለሰቻቸው። ያ ቀልደኛ ጎረቤታችንም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። "እኛማ መምህር ሞላ ዝቋላ ያስተማሩት ፊደል ብቻ መስሎን" አለና ሳቀ። ማንም አልተከተለውም። ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ከዚያ ወዲህ ያንተን መንገዶች በሐሳቤ መልሼ እሄድባቸዋለሁ። ከጡረታ በፊት ዝቋላ ብቻህን ያስተማርክባቸው ዓመታት አሉ። ከጡረታ በኋላ ደግሞ አብረን የተጓዝንባቸው። ዘርና ልብስ በበቅሎ ጭነን፣ ዝቋላ፣ ሰሃላ። "እነዚህ ጡረተኞች ማረፍ አያውቁም" ይሉን ነበር። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ልብሱን ሳድል አንተ "አንድ ቤት ደርሼ ልምጣ" ትላለህ። ሁልጊዜ አንድ ቤት። የታመመ ሊጠይቅ ነው እል ነበር። ደግነትህን አይ ነበር። እሱን እያየሁ ሌላ ነገር ማየት አላስፈለገኝም።

ሄድኩ። በዚህ ጉልበቴ። አበራሽ አላፈረችም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጣ እሷ መሬት ተቀመጠች። በዚያ የድርቅ ዓመት ባሏ ሲሞት ለምለም የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች አለችኝ። አንተ መጣህ። ካህን ባለበት አውራ ጣትህን ማር ውስጥ ነከርክ፤ ልጅቷ ጠባች። "የጡት አባቷ ናቸው፣ እትዬ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጃቸው ናት። ወንድሟን ልዳርላት?" ልጅቷ ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውም። አበራሽም ኪሮስ የማን ልጅ እንደሆነ የሰማችው ከሽማግሌዎቹ ነው።

"ታዲያ ከእኔ ለምን ተደበቀ?" አልኳት።

"መምህርማ 'ባለቤቴ ያላትን ሁሉ ትሰጣለች፤ እኔን ግን ለማንም አታካፍልም' ይሉ ነበር" አለችኝ። ፈገግ ብላ።

አንተ እንዲህ ትል ነበር? መቼ? በምን ወግ መካከል? ካህኑ ሞተዋል። ሌላ ምስክር የለም። ሰው እህል ባጣበት ዓመት ማር ከየት ተገኘ? ስወጣ ለምለም ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ አንተ ሰው ስታዳምጥ እንደምታደርገው። አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ይህን ለራሴ እስከ ሰቆጣ ድረስ ስነግረው መጣሁ።

የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። "በሥጋም ይሁን በቃል ኪዳን እህቱ ናት። ሁለቱም አንድ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?" አሉኝ። ለኪሮስ አንድ ነው። ለእኔ አንድ አይደለም።

ትናንት ለኪሮስ ነገርኩት። ማሩን፣ አውራ ጣትህን፣ ካህኑን። አቀርቅሮ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ፣ "እማዬ፣ አንቺ ግን አምነሻል?" አለኝ።

ልጅቷን አጥቷል። የቀረህለት አንተ አባቱ ብቻ ነህ፤ አንተም በዚያች ደቂቃ እኔ አፍ ላይ ነበርክ። አዎ አልኩት። ልቤ ሌላ ነገር ሳያቀብለኝ፣ ቶሎ።

ሞላ፣ ከእንግዲህ የማስብህ በዚህች 'አዎ' ነው። ለሙት ዓመትህ ዝክር ለምለምን ጠርቻታለሁ፤ ከልጆችህ ጋር ትቀመጣለች። ማን ናት ለሚለኝ የጡት ልጁ ናት እላለሁ፤ ያ ቀልደኛም ቢጠይቀኝ ዓይኔን አልሰብርም። እስክሞት ድረስ ቃሌን አላጥፍም። አንተ ግን እዚያ ብዙ አትደላደል። ስመጣ ከሰላምታው በፊት የምጠይቅህ አለኝ።