አምፕሊፋየሩን ያልላክሁበት ምክንያት

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ሲያንኳኳ ይውላል ያልከኝ የላይኛው ፎቅ ጎረቤትህ አደብ ገዛ? እማዬ በደንብ እየበላህ እንደሆነ ጠይቀው ብላኛለች፤ ይኸው ጠይቄሃለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ አባዬ ከሞተ በአራት ወሩ ሰው የሚሆነውን ያህል ነው። እማዬ ዛሬም አራት ሳህን ታወጣና አንዱን መልሳ ታስቀምጣለች፤ እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

ይህን ደብዳቤ ያደረሰችልህ ነርሷ ጎረቤታችን ናት። ዓይንህ ሻንጣዋ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። የአባዬን ድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ አምፕሊፋየሩን፣ በእሷ እንድልክልህ በስልክ ነግረኸኝ እሺ ብዬህ ነበር። አልላክሁትም። እሷን እንዳትቀየማት፤ ቦታ ለቅቃ እስከ መጨረሻው ጠብቃኛለች። ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቼብህ ነው። ደግሞ ዛሬ የጀመረኝ አይደለም። አባዬ የሞተ ሰሞን ቤታችን ሰው ሲሞላ፣ የገባው ሁሉ እማዬን አቅፎ "ትልቁ ሰማ ወይ? ብቻውን በሰው አገር እንዴት ቻለው?" ይላት ነበር። እኔ ወንበር ስሸከም፣ ውሃ ሳቀርብ ነው የዋልኩት። አንተ እንዴት ቻልከው ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ራሴን ዳበስ አድርገው "ጎበዝ፣ ወንበር ጨምር" አሉኝ። አንተ ሩቅ ሆነህ እንኳ ሐዘኑን ወሰድክብኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ያ ወንበር አለ። አባዬ ለደንበኞቹ አምፕሊፋየርና ስፒከር ሲያጣምር አንተን በሳሎኑ ወንበር ላይ ጀርባህን ለስፒከሮቹ አሰጥቶ ያስቀምጥህ ነበር። የኤሌክትሪክ ጉልበታቸውን፣ ዋቱንና ኦሙን፣ አስቀድሞ ያሰላል፤ ግን በቁጥር ብቻ አያምንም። እማዬ "ምሳ ቀርቧል" ስትል ድምፅዋን የቀዳበትን ቅጂ ቀስ አድርጎ ይከፍታል። አንተ እማዬ የገባች መስሎህ ዞር ካልክ ስፒከሩና አምፕሊፋየሩ ተስማሙ ማለት ነው። ካልዞርክ አምፕሊፋየሩን ይፈታና ሌላ ያስራል። ስትዞር "ጎበዝ!" ይልህ ነበር። እኔ ከጓዳ በር ሆኜ አይ ነበር። አንድ ቀን እኔም ልቀመጥ ብለው "አንተማ ቁጭ ማለት መቼ ታውቃለህ፣ ቅብጥብጥ!" ብሎ ሳቀብኝ።

አንተ ስትሄድ ወንበሩ ለእኔ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። አባዬ ወንበሩን አጥፎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ጀርባዬን ለሳሎኑ በር ሰጥቼ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ከመሄድህ በፊት የቀዳውን የአንተን ድምፅ ይከፍታል። "እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ" ትላለህ። የመጣህ መስሎኝ ዞር ስል አንተ የለህም፤ አባዬ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስንቴ ተታለልኩ መሰለህ! ልጁ ናፍቆት ድምፁን እየሰማ ነው፣ እኔ ግን በሥጋ አጠገቡ ተቀምጬ አልታየውም እያልኩ አንጀቴ ያር ነበር። በኋላ በኋላ ብሰማም ሆን ብዬ አልዞርም ነበር።

እንግዲህ አምፕሊፋየሩን ስትጠይቀኝ ይህ ሁሉ ተቀሰቀሰብኝ። ይውሰደው አልኩ፤ እኔም ለአባዬ ስፒከሮች ሌላ አግኝቼ አሳየዋለሁ፣ ከእሱ በቀር ጆሮ ያለው የለም እንዴ? ፀጉር አስተካካያችን ያለውን አምፕሊፋየር ታውቀዋለህ፣ ፊቱ ላይ "1000 ዋት" የተጻፈበት፣ መብራቱ ሰማያዊና ቀይ ብልጭ የሚል። ሱቁ እስኪታደስ ያውሰኝ ብዬ ሄድኩ። "የአባትህ ሣጥን እኮ አንድ መብራት እንኳ የለውም። ይኼ ግን ሠፈር ያናውጣል!" አለኝ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ አመጣሁት። እዚያ ላይ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ እውነተኛ ጉልበት ያለው ሣጥን ይከብዳል፣ የአባዬ አርባ ዋት ብቻ ሆኖ ለማንሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል።

የአባዬ ስፒከሮች አራት ኦም ናቸው፤ ብዙ ኃይል ይጠጣሉ። ያ ባለመብራት ደግሞ የሚያጠጣቸው የለውም። ድምፁ አነሰኝና ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር እልህ ይዞኝ አንዴ ደገምኩት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ በቀኙ ስፒከር ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተርም ጭጭ አለ። ትንሿ እህታችን ከጓዳ ወጥታ "አባዬን ሰበርከው?" አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አባዬ "ስፒከር የሚሞተው በጉልበት ሳይሆን በጉራ ነው" ይል የነበረው ያን ጊዜ ገባኝ።

መለዋወጫ ፍለጋ የአባዬን መሳቢያ ከፈትኩ። ከሞተ ወዲህ ማንም አልከፈተውም ነበር። መለዋወጫ ትዊተር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ያ ደብተር አለ። ትዊተሩ የየትኛው ስፒከር እንደሆነ ለማጣራት ብዬ ገለጥኩት። በየመስመሩ ቀን፣ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻ ደግሞ "ትልቁ ዞረ" ወይም "ትልቁ አልዞረም" ይላል። አንተ የሄድክበት ወር ላይ ስደርስ ጽሑፉ ተቀየረ። "ትንሹ ዞረ።" በሚቀጥለውም "ትንሹ ዞረ።" ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንተ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዞረሃል፤ እኔ ሠላሳ አንድ።

ለካ ያ ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ለካ ቁጭ በል ቢለኝ ስለምቅበጠበጥ ሳይነግረኝ ነው የፈተነብኝ። እኔ የምዞርለት ድምፅ የማን እንደሆነም ያውቅ ነበር። ሆን ብዬ ያልዞርኩባቸው ቀናትም አሉ። እዚያ ላይ "ትንሹ አልዞረም። ጆሮው ቀላ። ተስማምተዋል" ብሎ ጽፏል። በዚህ ሳቅሁና እዚያው መሬት ላይ አለቀስኩ። እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

የመጨረሻው መስመር ሐኪም ቤት ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ ነው። "የቤታችን ስፒከር፣ አርባ ዋቱ። ትንሹ ዞረ። ይኼ ይቆይ።" ያልላክሁልህ ለዚህ ነው። እሱ ያጣመራቸውን ልነጥል አልቻልኩም። ከደብተሩ ግን የአንተን ዓመታት አንድ በአንድ ገልብጬ ከዚህ ጋር አኑሬልሃለሁ።

ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብትለኝ፣ አልለቀቀኝም። አንተ "ጎበዝ" ሲልህ በጆሮህ ሰምተሃል፤ እኔ በእርሳስ የተጻፈ ብቻ ነው ያለኝ። አንዴ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ትዊተሩን ቀይሬያለሁ፣ አርባ ዋቱንም መልሼ አስሬዋለሁ። የድምፅህን ቅጂ ግን አልከፈትኩትም። ዞሬ ማንንም ባጣስ ብዬ ፈራሁ፤ አሁን የሚጽፍም የለም።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስምሃለች፣ ወፍራም ልብስ ልበስ ትላለች። ትንሿ እህታችን ጥርሷ እንደወለቀ ንገረው ብላለች፣ የቱ እንደሆነ ግን ራሷ ልታሳይህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎሃል፤ ሣጥኑን ስመልስለት "ሠፈሩን አናወጠ?" ሲለኝ "አዎ፣ ቤታችንን" አልኩት። አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህ፣ ሳላውቀውም ቢሆን፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ስትመጣ አስቀድመህ አትደውል። በሩ ላይ ቆመህ እንደ ቅጂው "እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ" በል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው የምታገኘኝ። ካልዞርኩ ጆሮዬን እይ።

ታናሽ ወንድምህ፣ ቅብጥብጡ

ከቤታችን፣ ከአባዬ ጠረጴዛ
ኅዳር 14 ቀን