ቀዩን ደመና ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አክስታችን ናት። ፖስታውን ገና በር ላይ ተቀበያት፤ እሷ እጅ የገባ ነገር እንደታሸገ አያድርም። ሳትጠየቅ "እኔ ምንም አላነበብኩም" ብላ ከጀመረች አንብባዋለች ማለት ነው። ምንም አይደል። የምናዘዘው ላንቺ ቢሆንም ጥፋቴ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፦ ፎቶዎችሽ አልተበላሹም ነበር። ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ።

ለሥራ ከቤት ልትወጪ አንድ ሳምንት ሲቀርሽ ጣሪያው ላይ ያሳለፍናቸውን ሦስት ምሽቶች መቼም አትረሻቸውም። አንቺ ሁለት ጃኬት ደርበሽ፣ እኔ የእማዬን ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ከዋክብቱ መሃል ያለውን ያንን ቀይ የጋዝ ደመና መቶ አርባ ጊዜ አነሳሽው። ስልሳ አንደኛው ላይ ጎረቤታችን የበረንዳውን መብራት ቢያበራ "ያጥፉልን!" ብለሽ ጮኽሽበት፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ለማብራት የሚፈራ ይመስለኛል። አባዬ ደግሞ ከደረጃው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ኮከብ መታወቂያ አያወጣ፣ ሠርግ አይደግስ፤ ምን ይሁነን ብላችሁ ነው?" አለ። ፎቶ ቤት ያለው ሰው ስለ ፍጥረት ያለው ፍልስፍና እዚያ ላይ ያበቃል።

አንቺ ግን የካሜራሽን ሜሞሪ ካርድ መዳፌ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ "እጅሽ ቀልጣፋ ነው፤ አንቺ ደራርቢያቸው" አልሽኝ። አንዱ ፎቶ ብቻውን ጭጋግ ነው፤ መቶ አርባው ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ ግን የተፈነጣጠረው ነጠብጣብ ይጠፋል፣ ደመናው ይወጣል ብለሽ አስረዳሽኝ። "ገብቶኛል" አልኩ። ሳይገባኝ "ገብቶኛል" ማለትን ከአባዬ ነው የወረስኩት።

ምን አደረግሁ መሰለሽ? የሱቁን ደንብ ተከተልኩ። አባዬ ዘንድ ማንኛውም ፎቶ መጀመሪያ ተጨምቆ ስምንት ቢት ወደሚባለው ትንሽ ፋይል ይለወጣል፣ ሌላው ሥራ ከዚያ ይቀጥላል፤ "የኮምፒውተሩ ሆድ እንዳይሞላ።" ያ ኮምፒውተር በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ጠዋት የሚነሳው እንደ አባዬ ሦስቴ ስሎ ነው። መቶ አርባውንም አንድ በአንድ ጨመቅኳቸው፣ ደራረብኳቸው፣ ውጤቱንም በዚያው በስምንት ቢት አስቀመጥኩት። ከዚያ ደመናው እንዲወጣ ሳፈካው የወጣው እንደ ደረጃ የተደረደረ መስመር ነው። ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር። ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ያኔ ነው ስልክ አንስቼ፣ "ፎቶዎችሽ ባዶ ናቸው፤ ካሜራሽ ምንም አልያዘም" ያልኩሽ። አንቺም፣ "እሺ። እንጃ፣ አልችልበትም መሰለኝ" አልሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ደንበኛ የፓስፖርት ፎቶ ሊነሳ መጣ። ፊቱ ጨልሞ ስለወጣ የተጨመቀውን ፎቶ ከፍቼ ሳፈካው፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ መስመር በመስመር ሆነ። አባዬ በትከሻዬ በኩል አየው።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያፈካሁት።"

"የተጨመቀውን? አንቺ ልጅ፣ ያለቀለት ሎሚ ነው የምትጨምቂው? ጥሬውን ፋይል ክፈቺ እንጂ!"

"አንተ አይደለህ መጀመሪያ ጨምቂ ያልከኝ?"

"እሱ ደህና ብርሃን ላለው ፎቶ ነው። ለጨለመ ፎቶ ማን አለሽ?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንብ ሲያወጣ "ለጨለመ አይሠራም" የምትለዋን ለራሱ ብቻ ይዟት ኖሯል! ከሰማይ የበለጠ የጨለመ ደግሞ ምን አለ?

እስቲ የቤታችንን ሰው ቁመት በሙሉ ሜትር ብቻ፣ ወደሚቀርበው አጠጋግተን እንለካ። አንቺ ሁለት ሜትር፣ እኔ ሁለት ሜትር፣ አባዬም ሁለት ሜትር! ደስታውን አስቢው። መቶ አርባ ጊዜ ለክተን አማካዩን ብንወስድ ያው ሁለት ነው፤ አንዴ የተጣለ ሴንቲሜትር በመደራረብ አይመለስም። ስምንት ቢት ከጥቁር እስከ ነጭ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃ ብቻ አለው፤ የካሜራሽ ጥሬ ፋይል ግን አሥራ አራት ቢት ነው፣ ከአሥራ ስድስት ሺህ ደረጃ በላይ። ደብዛዛው ደመናሽ በሁለት ደረጃዎች መሃል ተቀምጦ ነበር። እኔ አጠጋግቼ ጣልኩት።

ካርዱን አልደመሰስኩትም፤ ጽድቄ ይህች ብቻ ናት። ጥሬዎቹን እንዳሉ ከፈትኳቸው፤ ስሌቱ ሽርፍራፊዋን ሁሉ እንዲይዝ ፕሮግራሙን ሠላሳ ሁለት ቢት ላይ አድርጌ ደራረብኩ፣ አፈካሁ፤ ወደ ስምንት ያወረድኩት መጨረሻ ላይ፣ ለኅትመት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከምሳ እስከ ማታ ሲያቃስት ዋለ። ከዚያ ቀስ እያለ ቀዩ ወጣ። እታለም፣ ክንፍ አለው! ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

ከዚያስ ደወልኩልሽ? አልደወልኩም። አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። "ካሜራሽ ምንም አልያዘም" ያልኳትን ቃል መዋጥ አቃተኝ። ካሜራውን እሁድ ለሥራ ባልደረባሽ ልትሰጪ መሆንሽን ከእማዬ ስሰማ ነው ፎቶውን ላትም የተነሳሁት።

ትናንት ፎቶውን በትልቁ ማተሚያ ሳወጣ አባዬ ያዘኝ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ፈለገ፤ አግኝቶ ሲያበቃ ቆሞ አየው። ብዙ ቆሞ።

"የእሷ ነው?"

"አዎ።"

"ባዶ ነው ብለሻት አልነበር?"

"አዎ።"

"ነግረሻታል?"

የማተሚያውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ።

"ጻፊላት። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ቀልደሽ ታልፊዋለሽ።"

ሰውዬው ያውቀኛል። በደብዳቤም ቀልጃለሁ፤ ግን አላለፍኩትም። ይቅርታ አድርጊልኝ። "አልችልበትም" ያልሽው ከእኔ አፍ ወጥቶ አንቺ ጆሮ የገባ ውሸት ነው። ትችይበታለሽ።

አነስተኛ ኅትመቱ ፖስታው ውስጥ አለ። የግራውን ጠርዝ እዪው፤ ሰማያዊ ጢስ የመሰለ ነገር አለ፣ ግማሹ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ልናነሳው አንቺም እኔም አላሰብንም። አባዬ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ፣ "ሌላው ግማሹስ?" አለኝ። ካሜራውን ለሰው ልትሰጪ መሆንሽን ስነግረው፣ "ግማሽ ፊት አንስተን ለደንበኛ ሰጥተን እናውቃለን እንዴ?" ብሎ ተቆጣ፤ በእኔ ይሁን በአንቺ አልገባኝም። ከዚያ ሄዶ የሱቁ መስኮት ላይ ያሉትን የሙሽሮች ፎቶዎች አወረዳቸው። ቦታው ለአንቺ ፎቶ ነው፤ ግማሽ ሥራ ግን አልሰቅልም ብሏል። ስለዚህ መስኮቱ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ "ዘጋችሁ እንዴ?" እያለን ነው፤ አባዬም "ልጄን እየጠበቅን ነው" ይላቸዋል።

ብርድ ልብሱን አዘጋጅቼ የምጠብቅሽ፣
ታናሽሽ