ደለላችንን ቅርስ ላደረጉልን ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር ዶክተር ሊሳንድሮ ቫልዴራማ፣
የጥንታዊ የውኃ ሥራዎች ጥናትና ጥበቃ ተቋም ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የተራራችን ቀጭን አየር ልብዎን እንዳያደክመው፣ ዳገታችን ጉልበትዎን እንዳይፈታተነው፣ ጭቃችንም ጫማዎን እንዳያበላሸው የፑኪዮርኮ ሰዎች ሁሉ ከልብ እንመኝልዎታለን። ስለ ጫማዎ የተለየ ሐሳብ የገባን በዝናቡ ወራት መጥተው ሳለ ደጋግመው ሲጠርጉት ስላየን ነው። ስለዚያ ጭቃ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የመንደሩ የውኃ አባት የሄርሞሄኔስ ሱልካ ልጅ ኤውላሊያ ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከተማ ድረስ ወርጄ ቢሮዎ በር ላይ ብቆም ጸሐፊዎ "ዶክተሩ መስክ ላይ ናቸው" አለችኝ። መስኩ የእኛ መንደር ነው። እዚያም የሉም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቃልዎን ስለ ጠበቁ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጡ ዕለት በየጓዳችን የምናረባትን ኩይ የምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ጠብሰን፣ ድንች ቀቅለን፣ የበቆሎ ጠላ ቀድተን ተቀበልንዎት። አባቴ ቦዩን ከምንጩ ጀምሮ እስከ ማሳው ድረስ እየመራ አሳየዎት። "ዕድሜው ስንት ይሆን?" ብለው ሲጠይቁት "ባለፈው ነሐሴ ጠርገነዋል፤ ከዚያ በፊት ላለው ምስክር አልሆንም" አለዎት። ስቀው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያም በስብሰባችን ፊት ተነሥተው "ከመንደራችሁ አንዲት ድንጋይ አትወጣም" ብለው ቃል ገቡ። እግዜር ይስጥልን፣ ድንጋዩ ሁሉ እንዳለ አለ። የሄደው ውኃው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስላከበሩን አመሰግናለሁ። እኛ ባለማወቃችን ቦይ ስንለው የኖርነው ነገር ጥብቅ ቅርስ መሆኑን ያወቅነው ከእርስዎ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በበጋችን፣ መላው መንደር እየዘፈነ ይወጣ፣ አባቴ ከፊት ይቀድም፣ በደቦ ደለሉን በዶማ እናወጣ ነበር። እርስዎ ግን ዶማ የጥንት ድንጋይ እንደሚቧጥጥ አስረዱን። ደለሉም ደለል እንዳልሆነ፣ የጥንት አዝርዕት ብናኝ በውስጡ ተነባብሮ የሚገኝ መረጃ እንደሆነ ገልጸው ጠረጋውን ከለከሉን።

"መረጃው ውኃውን ዘጋው እኮ" አለ አባቴ።

"ጥናቱ እስኪያልቅ ነው፣ ታይታ" አሉት፤ በእኛ አገር ሽማግሌ በሚጠራበት ስም በትሕትና ጠርተው።

"ድንቹስ ጥናቱ እስኪያልቅ ይታገሣል?"

መኪናዎ ግን ተነሥታ ነበር። ያን ዓመት ድንቹ ባቄላ አክሎ ወጣ። ጎረምሶቻችን ተነቅለው ሊማ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኑ። የጥናትዎን ውጤት በሚያትሙበት ጊዜ ይህንንም ከግኝቶቹ መካከል እንደሚያስገቡት አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ አባቴን ከፍርድ ቤት ጋር ስላስተዋወቁት አመሰግናለሁ። በተከታዩ ነሐሴ አባቴና እኩዮቹ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም እያየ፣ ዶማቸውን ይዘው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ፖሊሶች አውጥተው ወደ አውራጃው ከተማ ወሰዷቸው። ሌሎቹ በምክር ተለቀቁ፤ አባቴ መሪ ነው ተብሎ ተከሰሰ። እርስዎም በባለሙያ ምስክርነት ቀርበው፣ የደረሰው ጉዳት የማይመለስ መሆኑን በሚያምር ድምፅ አስረዱ። ዳኛው ወደ አባቴ ዞረው "የጥንት ሥራ መሆኑን ታውቅ ነበር?" አሉት።

"እኔም አርጅቻለሁ ጌታዬ፤ ቢሆንም ልጄ ታጥበኛለች" አለ።

ሰው ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። በቦዩ ዳር እግሩን እንዳያሳርፍ ተወሰነበት። ቤታችን ደግሞ ያለው ቦዩ ዳር ነው። ስለዚህ አባቴ ከተማ ውስጥ፣ እኅቴ ዴልፊና በተከራየቻት ክፍል መኖር ጀመረ። የሚሠራው ቢያጣ የግቢውን ቧንቧ እየከፈተ፣ ውኃው የሚሄድበትን እያየ፣ መልሶ እየዘጋ ይውል ነበር። አከራይዋ ቆጣሪው ዞረ ብላ ተቆጣችውና ያንንም ተወ።

አራተኛ ልል ብዕሬን ሳነሣ ማማ ጉሜርሲንዳ ትመጣብኛለች። እሷን በተራ ቁጥር ማስገባት ስለማልሻ ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ማማ ጉሜርሲንዳን ያስታውሷት ይሆናል። ከቦዩ መታጠፊያ ሥር የምትኖር፣ ሱፍ ነክራ ቀይና ቢጫ የምታወጣ መበለት ነበረች። የእርስዎ ሰዎች ፎቶ ሲያነሡ ከነሱፏ ገለል እንድትል ቢነግሯት "ተዉኝ ባካችሁ፣ ልጆቼ ባሉበት አገር ሆነው ይዩኝ" አለቻቸው። ገለል አደረጓት። ጥር ላይ፣ የተራራችን ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ በመረጃ የተሞላው ቦይ ውኃውን መሸከም አቃተው። መታጠፊያው ላይ ገንፍሎ ተዳፋቱን ሲያርሰው ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሾርባዋን ጥዳ ሳለች ተራራው ቤቷ ላይ ወረደ። የታችኞቹ ማሳዎችም አብረው ሄዱ። እኛ በእነዚያ ክልክል ዶማዎቻችን ቆፍረን አወጣናት። ማንኪያው እጇ ላይ ነበር።

መንግሥት እርዳታ ሳይልክ፣ ቄሱ ሳይደርሱ፣ እርስዎ ደረሱልን። ፍጥነትዎን መንደሩ ሁሉ ያደንቃል። እኛ ጥቁር ለብሰን ቆመናል፤ እርስዎ የተሰነጠቀው ተዳፋት ሥር ተንበርክከው፣ አፈሩን በጣትዎ እየዳሰሱ "እንዲህ ጥርት ያለ ንብርብር በሥራ ዘመኔ አላየሁም" ይሉ ነበር። ደስታዎ ከልብ ስለነበር ልናቋርጥዎ አልደፈርንም። ጥቂት ቆይተው ግን ፊትዎ ተለወጠ።

"እዚህ ጋ ማን ነው የነካው?" ብለው ጠየቁ።

"እኛ ነን" አለ ወንድሜ ኤፍራይን። "ሬሳ ስናወጣ።"

"ምናለ ብትጠብቁን ኖሮ" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ፊታችንን አዩና "ማለቴ..." ብለው ጎንበስ አሉና ጫማዎን ከጭቃው መጥረግ ጀመሩ። ያንን "ማለቴ" እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

ከቀብሩ ጥቂት ወራት በኋላ በከተማው ሙዚየም ውስጥ ያሳነጹት የቦያችን አምሳያ ተመረቀ። ዴልፊና አባቴን ይዛው ሄደች። ቦዩ በእውነት ያምራል ትላለች፤ ድንጋዩ ተወልውሏል፣ ውኃውም በኤሌክትሪክ እየተገፋ ያለማቋረጥ ይዞራል። አባቴ እጁን ሊነክር ሲል ጠባቂዋ "አይነካም አባቴ" አለችው። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን እንድታነብለት ዴልፊናን ጠየቃት። ቦዩን የሚንከባከቡት ሰዎች ከብዙ ዘመናት በፊት ከነዕውቀታቸው ጠፍተዋል ይላል።

"እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው?" አላት።

"ኧረ ታይታ፣ ስለ ጥንቶቹ ነው የሚያወራው።"

"ጥንቶቹማ እየጠረጉ ነው የሞቱት። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ውሰጂኝ።"

ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ አባቴን ወደ ፑኪዮርኮ የመለሱት እርስዎ ነዎትና ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከሊማ የቻሉት ልጆቻችን መጡ። አባቴ ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ ብርድ ልብስ ከእንጨት ጋር አስረን በቃሬዛ ተሸከምነው። ተኝቶ ሲሳደብ ዋለ። "ያንን ጥግ፣ ጥጉን! ሙሽራ ነው እንዴ የምታሻሹት? በለው!" ኤፍራይን ላቡን እየጠረገ "ከተማ ስትኖር አፍህ ብሷል" ቢለው "ከተማማ አፌን ዘግቶት ነበር፤ አሁን ተጠረገ" አለ። ብዙዎቻችን እየሳቅን አለቀስን። ተንዶ የተቦረቦረውን ቦታ፣ ማማ ጉሜርሲንዳ የነበረችበትን፣ በተፈለፈለ የባሕር ዛፍ ግንድ አሻግረን ውኃውን በላዩ አሳለፍነው። ከማሳዎቹ የተረፉት ጠጡ። ያልተረፉትን ውኃ አይመልሳቸውም።

የአውራጃው ፖሊስ ሻምበል በሞተር ብስክሌት ደርሰው "ታይታ፣ እዚህ መገኘት የለብዎትም" አሉት።

"እግሩን እንዳያሳርፍ ነው የተባለው" አለ አባቴ ከቃሬዛው ላይ። "ይኸው፣ አላሳረፍኩም።"

ሻምበሉ እግሩን አዩ፤ እንደ ምንም ሳቃቸውን ዋጡ፤ ግን ጻፉ። መጥሪያው ደርሶናል። በሚቀጥለው ወር እርስዎም ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ዳኛው በቅርሱ ላይ ስለ ደረሰው የማይመለስ ጉዳት ሲጠይቁዎ፣ እባክዎን የማማ ጉሜርሲንዳን ስም ይጥሩ። በዚያ ፍርድ ቤት እስከ ዛሬ ማንም አልጠራውም። ስሟ ከጠፋዎት ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

በጽሑፍዎ መሠረት ከጠፋን ብዙ ዘመን ያለፈን፣ ሆኖም ጥናትዎን ለማበላሸት ያህል እስካሁን የምንተነፍስ የፑኪዮርኮን ነዋሪዎች ወክዬ፣ ለከፍተኛ ዕውቀትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ታዛዥዎ
ኤውላሊያ ሱልካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ "መንካት ክልክል ነው" የሚለውና ከሥሩ የእርስዎ ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት፣ ምንጩ አጠገብ ያስተከሉት የብረት ሰሌዳ የት ገባ ብለው እንዳይሠጉ። የቦዩ መዝጊያ እንጨት በስብሶ ነበርና ሰሌዳውን ነቅለን በቦታው ብናስገባው ልክክ አለ። ስምዎ ወደ ውኃው በኩል ዞሯል። በመንደራችን "የዶክተሩ ቃል ውኃ አያነሣም" የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁላቸውም አፍረዋል።